የምሥራችም እንደ ቡና ጠባቂ ይሻል

ለቡና አምራች ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ምክር



ክፉ ወሬ ፈጣን ነው። የቡና ዋጋ ቢወድቅ፣ ጎርፍ ድልድይ ቢወስድ፣ ከብት መሐል በሽታ ቢገባ፣ ወሬው ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ቴፒ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። የምሥራች ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ያልታመመ ልጅ፣ ያልደረቀ ቡና፣ ያልሞተ በሬ ወሬ አይሆንም። ማንም ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ በመሄድ «ትናንት በሬዬ አልሞተም» ብሎ አይናገርም። ክፉው ሲወራ መልካሙ ስለሚታለፍ፣ በመጨረሻው ዓለም ሁልጊዜ ወደ ክፋት ብቻ የሚሄድ ይመስለናል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አባቶቻችንን ያስለቀሱ አንዳንድ መከራዎች ዛሬ ፈጽመው ጠፍተዋል፤ ሌሎቹም በመጥፋት ላይ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ የደቡብ ምዕራብን የቡና አገር በቀጥታ የሚመለከቱ አሉ። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን መርጠን እንገልጽላችኋለን። እያንዳንዱ በምን ሥራ እንደተገኘና እንዲጸና ከእናንተ ምን እንደሚጠበቅ እናስረዳለን።

ይህን የምንነግራችሁ ልባችሁን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። ሰው ከየትኛው መከራ እንደወጣ ከረሳ፣ ከመከራው ያወጣውን ሥራ ይተዋል። የተተወ ቡና በአረምና በሐረግ እንደሚዋጥ ሁሉ፣ ጠባቂ ያጣ የምሥራችም ተመልሶ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከዓለም ጠፋ

በአማርኛ «ደስታ» ተብሎ የሚጠራውን የከብት በሽታ ወጣቶች ላያውቁት ይችላሉ፤ ሽማግሌዎች ግን ቢያንስ ስሙን ሰምተዋል። ስሙና ሥራው የማይገናኙ ክፉ በሽታ ነበር። የያዘው ከብት ትኩሳት ይነሣበታል፤ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ኋላም ብርቱ ተቅማጥ ይይዘውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በሽታው ከ1888 ጀምሮ በአገራችን ሲዛመት አብዛኛው ከብት አለቀ። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ያ ዘመን እስከ 1892 ድረስ ቆይቶ «ክፉ ቀን» የሚል ስም ተረፈው።

ይህ በሽታ ዛሬ በየትኛውም አገር በከብት ላይ የለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2011 ከምድር መጥፋቱን አስታውቀዋል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

እንዴት ጠፋ? መጀመሪያ ጥሩ ክትባት ተገኘ። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል የምርምር ጣቢያ ሠርተው ያገኙት ክትባት፣ አንድ ጊዜ የተከተበውን ከብት ለዕድሜ ልኩ ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን ክትባቱ ሙቀት ስለማይችል ከመኪና መንገድ ርቆ ወደሚገኝ በረት ማድረስ አስቸጋሪ ሆነ። ኋላ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ተሠራ። በአፋር ምድርም ከ1994 ጀምሮ አርብቶ አደሮች ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች አጭር ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ ክትባቱን ይዘው በእግራቸው እየተጓዙ የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። የመንግሥት የክትባት ቡድን ሊደርስበት ያልቻለውን ቦታ የአገሩ ልጆች ደረሱበት።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ክትባቱን የሠሩት ሊቃውንት ናቸው፤ የመጨረሻውን በሽተኛ ከብት አገኝቶ ሥራውን የፈጸመው ግን የከብቱ ባለቤትና ባለቤቱ የመረጠው ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ነው።

ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። የደስታ ዘመድ የሆነ በሽታ እስከ ዛሬ በጎችንና ፍየሎችን ይገድላል። ሁለቱ የዓለም ድርጅቶች ይህንንም እስከ 2030 ለማጥፋት ዓላማ አድርገው ተነሥተዋል። ስለዚህ ክታቢዎች ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጡ በግና ፍየሎቻችሁን አትደብቁ። አንዱ መንጋ ሳይከተብ ከቀረ ለሌላው መንጋ ሁሉ የበሽታ ምንጭ ሆኖ ይኖራል።

ቡናን ያዳነው ራሱ ቡና ነው

ሁለተኛው የምሥራች በየጓሯችሁ ቆሟል። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታወቀው በ1971 ነው። በሽታው የሚመጣው በዓይን በማይታይ ሻጋታ ሲሆን፣ በዝናብ ጠብታ እየተረጨ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በእንጭጩ ፍሬ ላይ መጀመሪያ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡም እየሰፋና ወደ ውስጥ እየጎደጎደ ይሄዳል። ኋላ ፍሬው በሙሉ ጠቁሮ ይደርቃል፤ ወይ ይረግፋል ወይም እንደ ከሰል ሆኖ በቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። በተለይ ቀዝቃዛና ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ ይበረታል።

በዚያን ጊዜ ሁኔታው አስጨናቂ ነበር። ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ነበር፤ ነገር ግን በአንድ የዝናብ ወራት ደጋግሞ መርጨት ስለሚያስፈልግ ወጪው ለትንሽ ገበሬ አይቻልም። ስለዚህ የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ወደ ቡና ጫካዎችና ወደ ገበሬዎች ጓሮ ገብተው፣ ዙሪያውን ያለው ቡና ሁሉ በበሽታ ሲጠቁር ለብቻው ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ መፈለግ ጀመሩ። ከተገኘው ዛፍ ዘር ወስደው ችግኝ አፈሉ፤ በችግኙና በፍሬው ላይ ሻጋታውን ሆን ብለው እያኖሩ ፈተኑት፤ የቻለውን አስቀሩ፣ ያልቻለውን ጣሉ።

ብዙዎቻችሁ 74110፣ 74112 ወይም 74158 የሚባሉትን የቡና ዝርያዎች ታውቃላችሁ። ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እናት ዛፏ የተመረጠችበትን 1974ን ያመለክታሉ፤ የቀሩት በዚያ ዓመት ከተመረጡት ዛፎች መካከል የእርሷን ተራ ቁጥር ያሳያሉ። ሦስቱም የተገኙት በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ስፍራ ነው። በ1979 ለገበሬ ተሰጡ። በሽታው ከታወቀ ገና ስምንት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። ለቡና ምርምር ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው፤ ቡና ከተተከለ በኋላ መጀመሪያ ፍሬ ለመስጠት ብቻ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋልና።

መድኃኒቱ ከሩቅ አገር በመርከብ አልመጣም። በገዛ ጫካችን ውስጥ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የአረቢካ ቡና መገኛ ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ስለሆነ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ የቡና ዓይነቶች ይገኛሉ። አንዱ ዛፍ በሽታ ይችላል፤ ሌላው ድርቅ ይችላል፤ ሌላው ጣዕሙ ይበልጣል። ነገ የሚመጣውን አዲስ በሽታ የሚችለው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደኑን መጠበቅ ለነገ የሚሆን ዘር በጎተራ እንደማስቀመጥ ነው። ይህን ዓለምም ተገንዝቦታል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የካፋንና የያዩን ደን በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩባቸው ጥብቅ ሥፍራዎች አድርጎ መዝግቧቸዋል።

እናንተም ይህን የምሥራች ለማጽናት የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ አዲስ ቡና ስትተክሉ ዘሩን ወይም ችግኙን ከታወቀ ቦታ ውሰዱ። ለመቱ ደጋ የተስማማ ዝርያ ለቴፒና ለበበቃ ቆላ ላይስማማ ይችላል። በቆላው የቡና ቅጠል ዋግ ስለሚበረታ ለዚያ የተመረጠ ሌላ ዝርያ አለ። ከመትከላችሁ በፊት የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ።

2ኛ/ ማሳችሁን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዝርያ ብቻ አትሙሉት። ሁለት ሦስት ዓይነት ብትተክሉ አንዱ ሲታመም ሌላው ያተርፋችኋል። ከአባት የወረሳችሁትን ጥሩ የአገር ቡናም ሁሉንም ነቅላችሁ አትጨርሱ።

3ኛ/ ለቀማው ሲያበቃ በቅርንጫፍ ላይ የቀረውን ጥቁር ደረቅ ፍሬ ለቅማችሁ አቃጥሉት። በሽታው ለሚመጣው ዓመት የሚተላለፈው በዚያ ነው።

4ኛ/ ያረጀውን ቡና ጎንድሉ፤ የተጨናነቀውን ግረዙ። ነፋስና ብርሃን የሚገባበት ቡና እርጥበት ስለማይቋጥር ሻጋታ አይመቸውም።

5ኛ/ አረም ስታጭዱ ግንዱን በገጀራ እንዳታቆስሉ ተጠንቀቁ። ቡናን ከነነፍሱ የሚያደርቀው ሌላው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል። እንዲህ ያለ የደረቀ ዛፍ ካገኛችሁ ከሥሩ ነቅላችሁ እዚያው አቃጥሉት፤ ለአጥርና ለማገዶ ብላችሁ ወደ ሌላ ማሳ አትጎትቱት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

የወንዝ ዳሩ እከክ እየለቀቀ ነው

ሦስተኛው የምሥራች ስለ ራሳችሁ ገላ ነው። በቡና ምድር ወንዝና ፏፏቴ ብዙ ነው። በፍጥነት በሚፈስ ውኃ ውስጥ፣ ከድንጋይና ከሣር ጋር ተጣብቃ የምታድግ ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች። ይህች ዝንብ ቀን ቀን ትነክሳለች፤ ስትነክስም ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታስተላልፋለች። ብዙ አገሮች በሽታውን የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ይሉታል፤ በሌሎች የአፍሪካ ክፍሎች ብዙ ሰው አሳውሯልና። በእኛ አገር ግን ይበልጥ የሚጎዳው ቆዳን ነው።

ትሉ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። እናቲቱ ትል ከቆዳ ሥር በእብጠት ውስጥ ተጠቅልላ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። በየቀኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ልጆች ትወልዳለች። እነዚህ በቆዳ ውስጥ ሲርመሰመሱና ሲሞቱ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ብርቱ እከክ ያመጣሉ። ቆዳው ይሻክራል፣ ይወፍራል፤ በቅልጥም ላይ እንደ ነብር ዥጉርጉር ይሆናል። ወደ ዓይን የደረሱት ደግሞ ብርሃንን ያጠፋሉ።

በሽታው በደቡብ ምዕራብ፣ በቦንጋ አካባቢ መኖሩ የተጻፈው በ1939 ነው። በቴፒ የቡና ተክል ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ በ1997 የወጣ ምርምር፣ ቆዳቸው ክፉኛ የተጎዳ ሠራተኞች ከጤነኛ ጓደኞቻቸው ያነሰ ደመወዝ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ሌሊቱን ሲያክክ ያደረ ሰው በማግሥቱ እንደ ሌላው ቡና ሊለቅም አይችልም።

መድኃኒቱ የተገኘው ከአፈር ነው። ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ በአገራቸው ከአንድ ስፍራ ካነሡት አፈር ውስጥ አንድ ጥቃቅን ሕይወት ያለው ነገር አገኙ፤ ዊልያም ካምቤልና ጓደኞቻቸው ደግሞ ከእርሱ የሚወጣው ቅመም ትልን እንደሚገድል አረጋገጡ። ሁለቱ ሊቃውንት ለዚህ ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ የተሠራው ኢቨርሜክቲን፣ በሌላ ስሙ ሜክቲዛን የሚባለው ክኒን ነው። አምራቹ የሜርክ ኩባንያ በ1987 ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገውን ያህል፣ አስፈላጊ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በአገራችንም ሕዝቡ በመረጣቸው አዳዮች አማካይነት መሰጠት የተጀመረው በ2001 ገደማ በካፋና በሸካ ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ዓላማ በሽታውን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ማጥፋት ሆነ፤ ስለዚህም በብዙ ወረዳዎች ክኒኑ በዓመት ሁለት ጊዜ መታደል ጀመረ።

ይህ ሥራ ፍሬ እንደሚሰጥ የታየበት ቦታ አለ። በሱዳን ወሰን ላይ በምትገኘው በመተማ አካባቢ የበሽታው መተላለፍ መቋረጡ በ2017 ታውቋል። ከአሜሪካ አገሮች ኮሎምቢያ በ2013፣ ኢኳዶር በ2014፣ ሜክሲኮ በ2015፣ ጓቲማላ በ2016 ከበሽታው ነፃ መሆናቸው በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጧል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ኒጀር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነፃ አገር ሆናለች። ኒጀር የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን አንድ ነገር በጥብቅ ልትረዱ ይገባል። ክኒኑ ጥቃቅኖቹን ልጆች ይገድላል፤ እናቲቱንም ለጥቂት ወራት ከመውለድ ያግዳታል እንጂ ቶሎ አይገድላትም። እከኩ ስለተወን ብለን ክኒኑን ከተውን፣ እናቲቱ ትል እንደገና ትወልዳለች፤ ዝንቧም ከእኛ ወስዳ ለጎረቤት ታደርሳለች። ስለዚህ እናቲቱ በእርጅና እስክትሞት ድረስ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። የማሳከክ ስሜት የሌለው ሰው እንኳን መዋጥ አለበት። ከአዳዩ ፊት የቁመት መለኪያው ሲቀርብላችሁ ተለኩና እንደ ቁመታችሁ የሚገባውን ውሰዱ። ነፍሰ ጡሮች፣ ከወለዱ ሳምንት ያልሞላቸው እናቶች፣ ቁመታቸው 90 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ ሕፃናትና በጠና የታመሙ ሰዎች ግን አይወስዱም።

በአንድ አካባቢ ዕደላው የሚቆመው ሕዝቡ ስለሰለቸ አይደለም። የሕፃናት ደም ተመርምሮ፣ ከወንዝ ዳርም ዝንቦች ተሰብስበው ታይተው፣ ትሉ እንደማይተላለፍ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ይህ እስኪነገራችሁ ድረስ አታቋርጡ።

የተገኘው ሊጠፋ እንደሚችል ከወባ እንማር

የምሥራች ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን የምትጠራጠሩ ካላችሁ ወባን ተመልከቱ። አጎበር በየቤቱ በመታደሉ፣ ቤቶች በመረጨታቸውና ምርመራው ወደ ቀበሌ ጤና ኬላ በመድረሱ፣ በኢትዮጵያ በ2015 ከ5 ሚሊዮን በላይ የነበረው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር በ2019 ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደ። ይህ ታላቅ የምሥራች ነበር። ኋላ ግን በጦርነት ምክንያት ሥራው በብዙ ቦታ ተቋረጠ፤ የአየሩ ጠባይ ተለወጠ፤ ትንኙ መርጫውን፣ ተሐዋሲውም መድኃኒቱን መልመድ ጀመረ። በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመሙ።

ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። አንድ ጊዜ የወረደ ቁጥር እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ መንገዱ ታውቋልና። አጎበራችሁን ለእህል መሸፈኛና ለችግኝ ጥላ አታድርጉት። በደጃችሁ ያቆረውን ውኃ አፋስሱ። ትኩሳት የያዘውን ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ጤና ኬላ አድርሱት፤ የተሰጠውንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይዋጥ።

እውነተኛ የምሥራች በምን ይታወቃል?

የሚሰማ መልካም ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም። በአንድ ቀን ባለጠጋ ስለሚያደርግ ዘር፣ ወይም በሽታን ሁሉ ስለሚያድን ቅጠል የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የምሥራች ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

የመጀመሪያው፣ የቆጠረው ማን ነው? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በፊት ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ? የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ለውጡን ያመጣው የትኛው ሥራ ነው? የሚለው ነው። ሦስቱም መልስ ካላቸው ወሬው ይታመናል። መልስ ከሌላቸው ግን ከገበያ ወሬ አይለይም።

ለምሳሌ የሕፃናትን ሞት እንመልከት። በመላው አገር ቤት ለቤት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በ2000 ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ተቈጥሯል። በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ቀድሞ ከስድስት ልጆች አንዱ ይቀበር ነበር፤ በ2016 ግን ከአሥራ አምስት አንዱ ማለት ነው። ለዚህ ከረዱት ሥራዎች መካከል ክትባት፣ አጎበርና በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይገኛሉ። ቆጣሪው ታውቋል፤ ፊቱና ኋላው ታውቋል፤ ሥራውም ታውቋል። ይህ እውነተኛ የምሥራች ነው። ከአሥራ አምስት አንድ ልጅ መሞቱ ግን ገና ብዙ ነው። የተሻለ ማለት ያለቀ ማለት አይደለም።

ለልማት ሠራተኞች የሚሆን ምክር

የልማት ሠራተኛ ወደ መንደር የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጉድለትን ለመናገር ነው። «ማሳችሁ አልተገረዘም፣ ጉድጓዱ አልተቆፈረም፣ ችግኙ አልጠና» እያለ ብቻ ሲናገር የሚውል ሰው በመጨረሻው ሰሚ ያጣል። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

1ኛ/ በየስብሰባው መጀመሪያ በቀበሌው ውስጥ የተሻሻለ አንድ ነገር በቁጥር ተናገሩ። ባለፈው ዓመት ስንት ገበሬ ቡናውን ጎነደለ? ዘንድሮስ ስንት?

2ኛ/ የሩቁን ከማውራታችሁ በፊት የቅርቡን አሳዩ። የተጎነደለ ቡና አቆጥቁጦ ፍሬ የያዘበትን ማሳ ሕዝቡ ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ አድርጉ። የማሳው ባለቤትም ራሱ ይናገር፤ ገበሬ ከሠራተኛ ይልቅ ገበሬን ያምናልና።

3ኛ/ ሽማግሌዎችን በፊት የነበረውን እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ወጣቱ ያላየውን መከራ ካልሰማ፣ ለምን ክኒን እንደሚውጥና ለምን በግ እንደሚያስከትብ አይገባውም። በቡና ማፍያ ሰዓትና በዕድር ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

4ኛ/ መልካሙን ስትናገሩ የቀረውን አትሸሽጉ። ከእውነት በላይ ያጋነነ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነት ሲናገር እንኳ አይታመንም።

5ኛ/ እያንዳንዱን የምሥራች በአንድ ሥራ አሥሩት። «በሽታው ቀንሷል» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ስለዚህ በሚመጣው ዕደላ ማንም እንዳይቀር» ብላችሁ ጨርሱ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ደስታን ለማጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የቡና ፍሬ በሽታን ለሚችል ዝርያ ስምንት ዓመት ተጠብቋል፤ የወንዝ ዳሩ በሽታ ደግሞ ገና የብዙ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። እናንተ ችግኝ ተክላችሁ ሦስት ዓመት ፍሬውን የምትጠብቁ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ስትቀመጡ፣ እናንተ በልጅነታችሁ ያያችሁትንና እነርሱ የማያዩትን አንድ መከራ ንገሯቸው፤ እንዴት እንደጠፋም ጨምሩበት። እነርሱም በተራቸው እንዲጠብቁት ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።